ሰው የፍጥረት ማዕከል ካልሆነ ክብሩ በምን ላይ ይቆማል? ከአምስት ኪሎ የተነሣ ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጎ፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥትና ሒልተን ሆቴልን አልፎ መስቀል አደባባይ የሚደርስ እግረኛ፣ ሰው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶችን በተርታ ያልፋቸዋል። ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲፈጅ፣ አንዱ ዘር ሊገዛ ሌላው ሊገዛለት ተፈጠረ የሚል ትምህርት ከጀርባው ነበረ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ አለች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለት እግሯ ትሄድ የነበረች። አራት ኪሎ ላይ ፓርላማውና የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተጎራብተዋል። መስቀል አደባባይ ዳር ደግሞ በቀይ ሽብር የተገደሉ ሰዎች አጥንት በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ባለፉት 500 ዓመታት ፍልስፍናና ሳይንስ ሰውን ከፍጥረት ሁሉ አናት አንሥተው ከፍጥረታት መካከል አስቀመጡት። ምድር ከማዕከል ወጣች፤ ሰው ከእንስሳት ጋር ተዛመደ፤ በገዛ አእምሮው ላይ እንኳን ሙሉ ጌታ እንዳልሆነ ተነገረው። ይኸው ሐሳብ ንጉሥን ከሰማይ ማውረዱን በበጎ እንቆጥረዋለን። ንጉሡን ሲያወርድ ግን ተራውን ሰው አብሮ አላወረደውም ወይ? ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ በዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሽነው ነበር። አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ሆኖም የሰው ዘር መነሻ በተገኘበት ቀን የአንድ ሰው ሕይወት ስንት ያወጣ እንደነበር መጠየቅ አለብን። የምታውቁትን ጻፉ።

የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ ለሚመጣ አንባቢ ስላስቸገረ፣ የተሰጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል እነሆ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ወጣት መሆኑ ከጽሑፉ ያስታውቃል፤ በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ጥያቄው ቀላል ነው አለ። የሥነ ፈለኩ ሊቅ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ምድርን ከማዕከል አወጣት፤ ሰማይ ዙፋን ሲያጣ የምድሩም ዙፋን ተናጋ፤ እንግሊዞች በ1649፣ ፈረንሳዮች በ1793 የንጉሦቻቸውን አንገት ቀሉ። ለእርሱ ከሥነ ፈለክ ወደ ነፃነት የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው።

ምላሽ 2

ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጠረ እንጂ በሰማይ ካርታ ላይ ባለው ቦታ አልከበረም ሲሉ ያስተምራሉ። በመጨረሻ የተፈጠረውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤት እንደሚሰናዳ ሁሉ ፍጥረት አስቀድሞ ስለተሰናዳለት ነው። ምድር ፀሐይን ብትዞር ፀሐይም ምድርን ብትዞር ከዚህ የሚቀነስ የለም አሉ። ጨዋ፣ የተረጋጋ መልስ ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ አባታችን እያሉ ነው የጠቀሷቸው።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ፍልስፍና የሚያስተምር ሰው ገብቶ ምላሽ 1ን አረመ፤ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት እርማቶች አንዱ ይህ ነው። በጥንቶቹ ሊቃውንት በአርስጣጣሊስና በበጥሊሞስ ዓለም ማዕከል ማለት የክብር ቦታ አልነበረም፤ ታች ነበር። ከባዱና የሚበሰብሰው ሁሉ የሚወርድበት፣ ከንጹሑ ሰማይ እጅግ የራቀው ቦታ ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ሰይጣንን ያስቀመጠው በምድር እምብርት ላይ ነው። ስለዚህ ምድር ወደ ፈለኮች መካከል ስትወጣ፣ ተዋረደች ከማለት ይልቅ ከፍ አለች የሚል ሰው ቢኖር አያስገርምም። ሰው ሦስት ጊዜ ተዋረደ የሚለውን አነጋገር ያስፋፋው የሥነ ልቡናው ሊቅ ፍሮይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ኮፐርኒከስን፣ ዳርዊንንና የራሱን ትምህርት በተርታ አስቀምጦ።

መምህሩ በዚህ አላበቃም። ፀሐይ ማዕከል መሆኗ ነገሥታትን አላስደነገጠም፤ ኮፐርኒከስ ከሞተ 100 ዓመት በኋላ ዙፋን ላይ የወጣው የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ራሱን በፀሐይ አስመሰለ፤ መኳንንቱም በዙሪያው እንዲሽከረከሩ አደረገ። አዲሱ የሰማይ ሥርዓት ለፍጹማዊ አገዛዝም ምልክት ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። ምላሽ 1 የዘረጋው ቀጥ ያለ መንገድ እዚህ ላይ ይጎብጣል።

ምላሽ 4 እና 5

ወጣቱ ተመልሶ ትንሽ ተቆጣ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1633 ለምን ተፈረደበት፣ እስከ ዕለተ ሞቱስ ለምን በቁም እስር ተቀመጠ ሲል ጠየቀ። መምህሩ በአጭሩ መለሰለት፦ ክርክሩ ምድር የት ናት ከሚለው ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው በሚለው ላይ ነበር። ወጣቱ አልተዋጠለትም፤ ሆኖም አልተሳደበም።

ምላሽ 6

አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ነገሩን ወደ አገራችን መለሰው። ከመደርደሪያው የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አውርዶ አንቀጽ 4ን አነበበ። በዚያ አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ከዘር ሐረጋቸውና ከተቀቡት ቅብዐ መንግሥት የተነሣ አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይከሰስ ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል የኖረው የሕዝብ ምሳሌ በነጋሪት ጋዜጣ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። መጽሐፍ ሻጩ የጨመረው ነጥብ ልብ የሚነካ ነው፦ አንዱ ሰው በቅብዐት የተለየ አካል ሲኖረው፣ የሌላው አካል ምን ሊባል ነው?

እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር አከልኩ። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ ፍልስፍና እስኪወገድ ድረስ ዓለም ሰላም እንደማያገኝ ተናግረዋል። ፍልስፍና ያሉት ሆን ብለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጦርነት ከሐሳብ እንደሚወለድ በአገራቸው ላይ አይተውታል። የቆዳ ቀለምን ደረጃ እንዲህ አጥርተው የተቃወሙ ሰው በአገራቸው ሕግ ውስጥ የቅብዐትን ደረጃ እንዳለ አቆዩት። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም፤ ሰው እኩል ነው የሚለው እምነት በአንድ በኩል ሲበራ በሌላ በኩል ሊጨልም እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ምላሽ 7 እና 8

ድምፁ ከዚህ ላይ ጠነከረ። የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝ ያለ ጸሐፊ፣ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ብቻቸውን ቆመው የተከራከሩ፣ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን በአዋጅ የሻሩ መሪ እንዲህ በአንቀጽ ተቆራርጠው አይመዘኑም ሲል ተቆጣ፤ መጽሐፍ ሻጩንም እኔንም ወቃሾች አለን። ሌላው ደግሞ ከላይ በችሮታ የተሰጠ ነፃነት ከላይ ይነሣል ብሎ መለሰለት፤ መልሱ እውነት ቢኖረውም አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ሁለቱም እንዲበርዱ ለመንኩ።

ምላሽ 9

ዲያቆን የነበረና አሁን ሕግ የሚሠራ ሰው ፍትሐ ነገሥትን አመጣ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ የሕግ መጽሐፍ፣ ስለ ባርነት ሲናገር ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ጦርነትና የፈረስ ኃይል አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንዳደረገው ተናግሮ ባርነትን ሕጋዊ አድርጎ ይደነግጋል። ጸሐፊው በዚህ አንድ ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ እንደቆየ ነገረን። ሊቃውንቱ ነፃነትን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሰውን ሁሉ ከፍ አድርገው አዩ፤ ቀጥለው ያ ከፍታ የማይደርስበትን ሰው ለዩ።

የፍልስፍናው መምህር ይህን ሲያነብ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትን አስታወሰን። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ሊተካ ይችላል፣ ሰው ግን ዋጋ የለውም፣ ክብር አለው ሲል አስተማረ፤ በመነሻ ጽሑፌ ስንት ያወጣ ነበር ብዬ ለጠየቅሁት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ይኸው ካንት የሰውን ዘሮች በደረጃ ደርድሮ ነጩን ከሁሉ በላይ፣ ጥቁሩን ከእርሱ በታች እንዳስቀመጠም መምህሩ አልሸሸገም። እኔ በዚህ ላይ አቋም ያዝኩ፦ ሰውን ከፍ የሚያደርግ ፍልስፍና በራሱ ማንንም አያድንም። ሊመረመር የሚገባው ማን ከሰው ቁጥር እንደወጣ ነው።

ምላሽ 10 እስከ 14

አንዲት ተማሪ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን ጠቀሰች። በሐተታው ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በተሰጠው ልቡና ይመርምር ይላል፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ ወንድምን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥን ይነቅፋል። ለእርሷ የምንፈልገው መልስ በእጃችን ነበረ። ወዲያው ሌላው ጸሐፊነቱን አነሣ፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉ የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ማለቱን ጠቅሶ። ሦስተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው መከራከራቸውን መለሰ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወደዚያ ተጎተተ፤ አንዱ ሌላውን ባንዳ፣ ሌላው አንዱን ጭፍን አገር ወዳድ እስከማለት ደረሱ። ማን ጻፈው የሚለው ለታሪክ ጸሐፊዎች ከባድና ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው በሰው ላይ በተፈጥሮ ጌታ አይደለም የሚለው ክርክር ግን በጸሐፊው መታወቂያ አይጸናም፣ አይፈርስም።

ምላሽ 15

የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ዘረኝነትን በዳርዊን ላይ መጫን ታሪክን መገልበጥ ነው ሲሉ ጀመሩ፤ የባሪያ ፍንገላ መርከቦች እርሱ ከመወለዱ በፊት ለ300 ዓመታት አትላንቲክን ሲመላለሱ ኖረዋል። ዳርዊን ራሱ ባርነትን የሚጠላ፣ የሰው ዘሮች ሁሉ ግንድ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የሚመጥነው ይኖራል የሚለውን አነጋገር ያወጣው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስፔንሰር ነው፤ ዘርን በምርጫ ማሻሻል የሚባለውን ትምህርት ስም ሰጥቶ ያስፋፋው ደግሞ የዳርዊን ዘመድ ጋልተን ነው። ቅኝ ገዢዎች ጠመንጃቸውን ካነሡ በኋላ ነው ባዮሎጂን ለምስክርነት የጠሩት አሉ። ከዚያ ድንቅነሽ የምትሰጠን ትልቁ ነገር የጋራ መነሻ ነው፤ ማንም ከማንም የተለየ አፈር የለውም ብለው ደመደሙ።

በአብዛኛው እስማማለሁ። ነገር ግን ክብራችንን በአጥንት ላይ ብቻ ካቆምነው፣ ነገ ሌላ አጥንት ሲገኝ ልንከራከር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝምድና እውነት ነው፤ ወንድማማች መሆን ግን ቃየልን ከመግደል አላገደውም።

ምላሽ 16 እና 17

ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ መቆየቷ አግባብ አልነበረም አለ፤ ሌላው በሙዚየሙ የሚታየው ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው አጥንት በካዝና እንደሚጠበቅ አስረዳ። በዚህ መካከል አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ተማሪዎቿን ወስዳ ያየችውን ተረከች። አንድ ልጅ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ ስትሞት አልቅሰውላት ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን እንደመለሰችለት አልጻፈችም። ከማዕከልና ከዳር ክርክራችን ሁሉ ይልቅ የሰውን ቦታ ቀርቦ የነካው ይህ ልጅ ይመስለኛል።

ምላሽ 18

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። አንዲት እናት በቀይ ሽብር ወንድሟን ያጣች ነች። መስቀል አደባባይ ባለው መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች መካከል የእርሱም አለ፤ በትምህርት ቤት የተነሣው ነው፤ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል፤ እናታቸው ሁልጊዜ እንዲቆልፈው ትነግረው ስለነበር። በዚያ ዘመን ሰው ከመገደሉ በፊት ስሙ ይለወጥ ነበር አለች፤ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ፀረ አብዮት። ስሙ ከተለወጠ በኋላ የሞተው ልጅ መሆኑ ቀርቶ አንድ ፀረ አብዮት ይሆናል። ሰው የማኅበራዊ ግንኙነቱ ድምር ነው የሚለው የማርክስ ሐሳብ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም፤ የወንድሜን ድምር የሠራው ግን የቀበሌ ጥበቃ ጓድ ነው ስትል ጻፈች።

ምላሽ 19

ለእርሷ የመለሱት ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ጀመሩ። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። ከምርታቸው ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰጡ ነበር፤ በበዓል ቀን ሙክት ይዘው ደጅ ይጠናሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ እያየ ለባለመሬቱ እስከ ምድር እጅ ይነሣሉ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በሬዲዮ በተነገረ ጊዜ አባታቸው ወደ ማሳው ሄደው ማንንም ሳያስፈቅዱ አንድ የባሕር ዛፍ ቆረጡ። ያን ቀን አባቴ ሰው ሆነ ይላሉ ጋሼ። ወንድምሽን የገደለው መንግሥትና አባቴን ሰው ያደረገው መንግሥት አንድ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለቱን ላስታርቃቸው አልቻልኩም አሉ።

እኔም አላስታርቃቸውም። ሆኖም አዋጁም ግድያውም ሰውን በመደቡ ከሚያይ ከአንድ ዓይን የወጡ ናቸው። ያ ዓይን ጭሰኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ተማሪውን ደግሞ ማየት አቆመ። ሴትየዋ ለጋሼ አመሰገነቻቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ምላሽ 20 እና 21

ስለ አካባቢ ጥበቃ የምትሠራ ወጣት ሁላችሁም አሁንም ስለ ሰው ብቻ ታወራላችሁ አለች። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2008 በሕገ መንግሥቷ ለተፈጥሮ መብት ሰጥታለች፤ ኒው ዚላንድ በ2017 የዋንጋኑይን ወንዝ እንደ ሕጋዊ ሰው ቆጥራለች። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም አለች፤ በኦሮሞ ዘንድ ሰፉ የሚባለው፣ ሰው ለፍጥረት ሁሉ የሚገባውን አክብሮት የሚያስተምር ሥርዓት ነው፤ የሰሜኑ ተራራ ተራቁቶ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ብቻ በደን ተሸፍኖ የቀረውም በአጋጣሚ አይደለም። የቀበናንና የግንፍሌን ውኃ ጠረን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የፍጥረት ገዢ ነኝ ማለቱ ምን እንዳመጣ አይጠፋውም።

በወንዝ ዳር ይኖር የነበረና ቤቱ የፈረሰበት ሰው መረር አድርጎ መለሰላት። ወንዙ መብት ሲያገኝ እኔ በአጭር ቀን ማስጠንቀቂያ ተነሣሁ አለ፤ ዳርቻው ሲያምር ጎረቤት፣ እድርና የልጆቼ ትምህርት ቤት ተበተኑ። እርሷም በቅንነት መለሰች፤ ወንዙን የበከለው በዳሩ የሚኖረው ድሃ እንዳልሆነ፣ የእርሱ መነሣትም ለወንዙ መብት እንደተከፈለ ዋጋ መቆጠር እንደሌለበት አመነች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖርን መብትና በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለን ሰው ካሣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማስቀመጡን አስታወሰችው። በዚህ ላይ ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ሁለቱ ጠላቶች የሚሆኑት አንዱን በሌላው ስም የሚያስፈጽም ሲኖር ነው።

ምላሽ 22 እና 23

የሕጉ ሰው ተመልሶ መጣ። ከ1923 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት 64 ዓመታት አገራችን ሥልጣን ከየት ይመነጫል ለሚለው ሦስት መልስ ሰጥታለች አለ፦ መጀመሪያ ከተቀባው ንጉሥ፣ በ1979ኙ ሕገ መንግሥት ከሠራተኛው ሕዝብ፣ በ1987ቱ አንቀጽ 8 ደግሞ ከብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች። በዚሁ ሰነድ አንቀጽ 10 ግን ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ይላል። እንግዲህ ሁለቱ ሲጋጩ የሚተረጉመው ማን ነው? ፍርድ ቤት አይደለም፤ በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ወኪሎች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 10 በአንቀጽ 8 ዓይን ይነበባል ማለት ነው።

ሌላ ባለሙያ አስተካከለው። በአንቀጽ 82 የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ ከ11 አባላቱ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። የሕጉ ሰው አመስግኖ ተቀበለ፤ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ እንደሆነ ግን አጽንቶ ጻፈ።

ምላሽ 24

ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። አባቷና እናቷ ከሁለት ብሔር ናቸው። በአንድ ወቅት መታወቂያ ልታወጣ በመስኮት በኩል ስትጠየቅ፣ ብሔር የሚለውን ባዶ ተውልኝ አለችው። ጸሐፊው ባዶ አይሆንም ብሎ የአባቷን ጻፈ፤ ማኅተሙን ሲመታ እናቷ አጠገቧ ቆማ ነበር። ከቤት እስኪደርሱ አልተነጋገሩም።

ምላሽ 25

ይህ የእኔ ነው። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንቀጽ 10 መቅደም አለበት እላለሁ፤ ቅብዐት፣ መደብ፣ ብሔር የሚሉት ሁሉ አንዳንዱን ሰው አሳይተውናል፣ ሌላውን ደግሞ ሸፍነውብናል። ብሔር የተረገጠ ቋንቋንና የተናቀ ሕዝብን ወደ ሕግ እንዳመጣ አልክድም፤ አንቀጽ 8 ይሰረዝም አላልኩም። የሰው ልጅ ተፈጥሮ ስለሚለው አንቀጽ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን የማንም ቡድን ወኪል ያልሆኑ ዳኞች ሊሆኑ ይገባል። የሕጉ ወንድሜ በዚህ ካልተስማማ አንድ ነገር ይመልስልኝ። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በምክር ቤቱ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በተጨማሪ በሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። የምላሽ 24 ጸሐፊ በዚያ ምክር ቤት የተቀመጠላት ወንበር የትኛው ነው?